የአባባ መኪና ያፏጨችበት ኅዳር

ኅዳር 4፣ ሐሙስ። ከሥራ መልስ፣ 12 ሰዓት ተኩል

እጄን ሦስት ጊዜ ታጠብሁ፤ አሁንም ናፍታ ናፍታ ይላል። ገጽሽ ቢቆሽሽ ይቅር በይኝ ደብተሬ። የዛሬ ሥራ፦ ሁለት ፍሬን፣ አንድ ራዲያተር፣ አንድ የማይረባ ጭቅጭቅ። ከዚያ 9 ሰዓት ላይ አባባ የጭነት መኪናቸውን ይዘው ከተፍ።

ልብ በይ። ግሽ አባይ ሰፈር ያለው ጋራዥ ከገባሁ ስድስት ዓመቴ ነው። እስከ ዛሬ አንድ ቀን አምጥተዋት አያውቁም። አ.አ. የለመዱት መካኒክ ነበራቸው፣ ከእሱ ሌላ ማንም አይነካትም። ልጄም ብትሆን አላስነካትም ብለው ነበር አሉ። ለእኔ አይደለም ያሉት፣ ለጋሽ ሙላት ነው፣ ለጋራዡ ባለቤት። የጋሽ ሙላት ሆድ ደግሞ ወንፊት ነው፤ የዚያኑ ዕለት ነገሩኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ እንደ እሾህ ሲወጋኝ የኖረ ነገር።

ዛሬ ግን ራሳቸው መጡ። ባርኔጣቸውን አወለቁና በስሜ ጠሩኝ፤ ባንቺ፣ እስቲ እያት አሉ። እንዲህ ብቻ። ደስታዬን ለመደበቅ ቶሎ ጎንበስ አልሁ።

ችግሯ፦ ጉልበት አጥታለች። ዳገት ላይ ትለምናለች። ሰማያዊ ጭስ፣ ዘይት መብላት፣ ከቱርቦው ሥር ጠብ ጠብ። (ቱርቦ ማለት፣ አንቺ መቼም አታውቂም፣ ቀንድ አውጣ የመሰለ ብረት ነው። በጭሱ ኃይል እየተሽከረከረ ለሞተሩ አየር ይገፋለታል። እሱ ሲታመም ሞተሩ ትንፋሽ ያጥረዋል።)

ድምፅስ አላት? አልኋቸው። ምንም ድምፅ የላትም አሉ።

አስነሥቼ ነዳጅ ሰጠኋት። ፉጨት! ከመንገድ ማዶ ሻይ የምትሸጠው ሴትዮ ሳትቀር ዞር ብላ አየች። አባባ ኮፈኑን ተደግፈው የሚንጠባጠበውን ዘይት ያያሉ። ፊታቸው አልተለወጠም። ሰው የገዛ መኪናውን ድምፅ ይለምደው ይሆናል።

የቅዳሜ ሳምንት፣ ኅዳር 13፣ የበቆሎ ጭነት ይዘዋል፣ ወደ አ.አ.። መንገዱ ተዘግቶ ሰንብቶ ገና መከፈቱ ነው። እስከዚያ ትደርሳለች ብዬ ቃል ሰጠሁ።


ኅዳር 5፣ ዓርብ። ምሽት 1 ሰዓት

ቀስ ብዬ ልጻፍ።

ጠዋት ቱርቦውን መፍታት ጀመርሁ። ባትሪ አላቀቅሁ። ከአየር ማጣሪያው የሚመጣውን ወፍራም የጎማ ቱቦ ፈታሁ፣ ቀጥሎ አየሩን ወደ ሞተሩ የሚወስደውን። ከላይ ዘይት የምታመጣ ቀጭን ቱቦ፣ ከታች ዘይት የሚመልስ ወፈር ያለ። የእያንዳንዱን አፍ በንጹሕ ጨርቅ ደፈንሁ። አንዲት የብሎን ዳዶ ሾልካ ብትገባ ሞተሩ አበቃለት።

አባባ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው መብራት ይዘውልኛል። ሥራ የፈታ ሹፌር ሲያሳዝን! ከሥሯ ገብቼ አሥራ ሰባት ቁጥር ቁልፍ ያቀብሉኝ አልሁ። ዝም። ደገምሁ። ዝም። ተቀየሙኝ እንዴ አልሁ በሆዴ፤ መኪናቸውን ለሴት ልጅ ሰጥተው ጸጽቷቸው ይሆናል። ራሴን ብቅ አድርጌ ፊት ለፊት ስጠይቃቸው ግን ምን ትፈልጊያለሽ ልጄ ብለው ፈገግ አሉ። ወዲያው አቀበሉኝ።

የቀሩት አራት ዳዶዎች። ቱርቦውን ከሞተሩ ጋር የያዙት እነሱ ናቸው፣ ዝገት በዝገት። ዘይት ረጨሁ፣ ጠበቅሁ። በእሳት አሞቅሁ፣ ጠበቅሁ። ሦስቱ እሺ አሉ። አራተኛው ላይ ቁልፉን በብረት ቱቦ አስረዝሜ ባለኝ ኃይል ተንጠለጠልሁበት። ሲላቀቅ ልክ እንደ ጥይት ጮኸ። በዚህ ጊዜ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቶ የማይደነግጥ የለም። ጋሽ ሙላት ጎንበስ አሉ። ባለሻይዋ ብርጭቆ ጣለች። እኔው ራሴ ጮህሁ።

አባባ ዓይናቸውን እንኳ አላርገበገቡም። መብራቱን እንደያዙ እጄን ያያሉ።

ያኔ ገባኝ።

ቱርቦውን እንደ ሕፃን አቅፌ አወጣሁት። ከባድ ነው። አቅፌው ብዙ ቆምሁ መሰለኝ። አደከመሽ? አሉኝ። አዎ አልሁ።


ኅዳር 6፣ ቅዳሜ። 10 ሰዓት

ግማሽ ቀን ሥራ። ቱርቦውን ጠረጴዛ ላይ ፈታትቼ አየሁት። ዘንጉ ጤነኛ ነው፣ ወዲህ ወዲያ አይንገዋለልም፣ በጣቴ ስገፋው ለስላሳ ይዞራል። ተመስገን። ዘይት የሚመልሰው ቱቦ ግን በጥቀርሻ ተደፍኗል። መውጫ ያጣ ዘይት በጎን ወጣ፣ ማሸጊያዎቹም ደርቀው ተሰነጣጥቀዋል። አየር የሚያሳልፈው ጎማ ደግሞ ማሰሪያው ሥር ጣት የሚያህል ተቀዷል። ፉጨቱ ከዚያ ነበር። ጎማው እዚሁ ተገኘ። ማሸጊያዎቹ ከአ.አ. በአውቶቡስ ይመጣሉ።

አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልጠፋ አለ። ቅዱ አርጅቷል። ጠርዙ ጠቁሯል። ይህች መኪና ቢያንስ ከሐምሌ ጀምራ ስታፏጭ ነበር። ሐምሌ ማለት አስማረ የሄደበት ወር። አስማረ የአባባ ረዳት ነበር፣ አሥራ ስምንት ዓመት ከጎናቸው ተቀምጧል። እናቱ ታመውበት አገሩ ገባ። ለካ ረዳት ብቻ አልነበረም። ጆሯቸውም ነበር።

ቤት ስገባ እማዬ ጎመን ትቆርጣለች። ቁጭ አልሁና ስለ አባባ ጆሮ ጠየቅኋት። ቢላዋዋ ቆመ። መቼ አወቅሽ አለችኝ። እስዋ ካወቀች ሁለት ዓመቷ! የቤተ ክርስቲያን ደወል አልቀሰቅሳቸው ሲል ነው ያወቀችው። ከዚያ ወዲህ ሌሊት ለኪዳን የምትቀሰቅሳቸው የእግራቸውን አውራ ጣት ይዛ ነው። ገበታ ላይ ሁልጊዜ በቀኛቸው የምትቀመጠው ለዚያ ነው፤ ቀኙ ትንሽ ይሻላል። እንግዳ ሲመጣ የተባለውን ሁሉ ትደግማለች። እኔ ደግሞ እማዬ እያረጀች ነው፣ ነገር ትደጋግማለች እል ነበር።

ለምን አልነገርሽኝም አልኋት። ራሱ ሳይነግረኝ እንዴት እኔ ልናገር አለች። ለእስዋም እኮ አልነገሯትም። ሁለት ዓመት ሁለቱም እያወቁ፣ ሁለቱም ዝም።


ኅዳር 7፣ እሑድ። ከሰዓት

ከቅዳሴ መልስ ከአባባ ጋር ሐይቅ ዳር ሄድሁ። እማዬ አልመጣችም፣ ሆን ብላ ነው።

ዓሣ አስጋሪዎቹ ታንኳቸውን ስበው ደንገሉን ፀሐይ ላይ ዘርግተዋል። ውኃው ገና የክረምቱን ደፍራሽነት አልለቀቀም። በቀኛቸው ቆምሁ። ልነግራቸው ነበር የመጣሁት። አፌን ከፈትሁ፣ ዘጋሁ። ከፈትሁ፣ ዘጋሁ። እንደ ዓሣ።

እሳቸው ቀደሙኝ። ውኃውን እያዩ፣ ሐይቅ ደግ ነው አሉ፤ ማንንም አይጠራም፣ ማንም አቤት እንዲለው አይፈልግም። እዚህ ስቆም ከሰው እኩል ነኝ አሉ።

ምን ማለትዎ ነው ብዬ መጠየቅ ይገባኝ ነበር። አልጠየቅሁም። ክንዳቸውን ያዝሁ። ሁለት ጀልባ ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ሲሄድ አይተን ተመለስን።


ኅዳር 9፣ ማክሰኞ። ምሽት 1 ሰዓት

ማሸጊያዎቹ መጡ። ጠዋት 3 ሰዓት መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልሁ። ትንሽ ካርቶን፣ ከመዳፌ አትበልጥም።

ገጥሜ ብጨርስ ነገ ማታ መኪናዋ ትነሣለች። ቅዳሜ አባባ ይሄዳሉ። ዓባይ በረሃን ይወርዳሉ። ከኋላ የሚመጣ አውቶቡስ ጡሩንባ ይነፋል፣ አይሰሙም። ፍሬን ይጮኻል፣ አይሰሙም። ከላይ ድንጋይ ይናዳል፣ አይሰሙም።

ካርቶኗን ካፖርቴ ኪስ ከተትሁ።

ማታ አባባ ዕቃው መጣ ወይ አሉ። አልመጣም አልሁ። ትክ ብለው አዩኝና እሺ አሉ። ዋሸኋቸው ደብተሬ። በሃያ ዘጠኝ ዓመቴ፣ የራሴን አባት፣ ዓይን ለዓይን እየተያየን።


ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ዛሬም አልመጣም አልሁ። ጋሽ ሙላትን እንዳይነግሩብኝ ለመንኋቸው። አልወደዱትም። መካኒክ መኪና አሥሮ አያውቅም፣ መኪና የሚያሥር ፖሊስ ነው አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቢሆንም ዝም ለማለት ቃል ገቡ። (ወንፊቱ ጋሽ ሙላት!)

ጾም ሊገባ ስለሆነ እማዬ ለእሑድ ዶሮ ለመሥራት ታስባለች። አባባ ምግብ አላሰኛቸውም። ደጅ ወንበር አውጥተው መንገድ መንገዱን ያያሉ።


ኅዳር 11፣ ሐሙስ

አልመጣም።

ሌላ የምጽፈው የለኝም። እጠላሻለሁ። አንቺን አይደለም፣ ይህን የምትጽፈውን ነው።


ኅዳር 12፣ ዓርብ። ሚካኤል። ምሽት 2 ሰዓት

ብዙ ነገር ሆነ። በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ጠዋት ንግሥ ሄድን፣ ሦስታችንም። አባባ እንደ ሁልጊዜው ከከበሮው አጠገብ ቆሙ። ስንት ዓመት ሳያቸው ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ዛሬ ግን ልብ ብዬ አየሁ። ከበሮው ሲመታ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያደርጋሉ። በደረታቸው ነው የሚሰሙት።

ከሰዓት በኋላ እንደ ወጉ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ሰብስቦ አቃጠለ። ኅዳር ሲታጠን። ከተማው ሁሉ ጭስ በጭስ። እኔ የጓሮውን ቅጠል እየጠረግሁ ነበር። አባባ እሳት ለመለኮስ ክብሪት ፈለጉ። በሥራ ካፖርቴ ኪስ ክብሪት አይጠፋም፣ ያውቃሉ። ሄደው ኪሱን ዳበሱ።

ስመለስ ካርቶኗ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች። አባባ አጠገቧ። እማዬ በሩ ላይ ቆማ መሬት መሬት ታያለች።

«መቼ መጣ?» አሉኝ።

ጣቴን ቆጥሬ አሳየኋቸው። ሦስት ቀን።

«እንዳልነዳ ነው?»

ራሴን ነቀነቅሁ። ማልቀስ ጀመርሁ። ይቆጡኛል አልሁ። በልጅነቴ መሪውን በነካሁ ጊዜ እንደተቆጡኝ።

«ባንቺ፣ ጆሮዬ ነው እንጂ ዓይኔ ደኅና ነው» አሉ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ከሰው ፊት ላይ ሳነብ ነው የኖርሁት። ማክሰኞ ማታ አልመጣም ስትይኝ ውሸትሽን አውቄዋለሁ።»

ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ አልሁ። ቀስ ብዬ፣ ከንፈሬን እንዲያዩት።

ካርቶኗን አንሥተው በመዳፋቸው አዟዟሯት። ከውጭ ጭሱ ይገባል፣ የሰፈሩ ሰው ይሳሳቃል።

«እኔም ባይመጣ ብዬ እየተመኘሁ ነበራ።»

ከዚያ የማላውቀውን ነገሩኝ። እማዬም አታውቀውም ነበር። መስከረም ላይ ዳንግላ ጭነት አራግፈው መኪናዋን ወደ ኋላ ሲነዱ፣ ከኋላቸው ባጃጅ ቆማ ነበር። ውስጧ ሕፃን የታቀፈች ሴት። ባጃጁ ጡሩንባውን ይነፋል፣ ሰው ይጮኻል፣ እሳቸው ወደ ኋላ ይነዳሉ። በመስታወቱ የአንዲት ጎመን ሻጭ ፊት አዩ። ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭናለች። ፍሬን ያዙ። ወርደው ሲያዩ በመኪናዋና በባጃጇ መካከል አንድ ክንድ አይሞላም። ሴትዮዋ ልጇን ጉያዋ ውስጥ ደብቃ ዓይኗን ጨፍናለች። ማንም አልተነካም። ያች ጎመን ሻጭ ባትኖርስ አሉ። ደግመው ደጋግመው። ያች ሴት ባትኖርስ።

ታዲያ የቅዳሜውን ጭነት ለምን ያዙ አልኋቸው። አርባ ዓመት እሺ ያለ አፍ በአንድ ቀን እንዴት እምቢ ይላል አሉኝ።

እማዬ መጥታ በቀኛቸው ተቀመጠች። አታውቂም ብዬ ነበር አሏት። የእግርህን ጣት የምይዘው ለጨዋታ መስሎህ ነው? አለቻቸው። ሳቁ። እኔም እያለቀስሁ ሳቅሁ። ሦስታችንም ጭስ እያሳለን።


ኅዳር 13፣ ቅዳሜ። እኩለ ቀን

ጭነቱ የሚነሣበት ቀን። አባባ ማለዳ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ተነሡ። እህል ነጋዴው አቶ ታደለ መጋዘን ድረስ አብሬያቸው ሄድሁ። በስልክ ይንገሩት ነበር፣ ግን ስልክ አይሰሙም። ለካ ስልክ ላይ እሺ፣ እሺ ብቻ የሚሉት ለዚያ ኖሯል።

እኔ እንድናገርላቸው ጠየቅኋቸው። አይሆንም አሉ።

ታደለ ከሠራተኞቹ ጋር ቆሞ ነበር። ሁለት ሌሎች ሹፌሮችም አሉ፣ የአባባ ጓደኞች። ሰው በሌለበት ጥግ ይናገራሉ ብዬ ነበር። መሐላቸው ገብተው ቆሙ። ድምፃቸው እንዴት ከፍ ይላል! የራሳቸውን ስለማይሰሙት ነው።

«ታደለ፣ ጭነትህን አልወስድልህም። መኪናዋ ትድናለች። ያልዳንሁት እኔ ነኝ። ጆሮዬ አይሰማም። ሳልሰማ ዓባይ በረሃን መውረድ በሰው ነፍስ መቀለድ ነው። ቀድሜ ባለመናገሬ ይቅርታ አድርግልኝ።»

ታደለ የጭነቱን ወረቀት አጠፈ። ከሹፌሮቹ አንዱ፣ ሸበቶው፣ ባርኔጣውን አወለቀ። መጣና አባባን ትከሻቸው ላይ ሳማቸው። ከዚያ የሆነ ነገር በጆሯቸው ተናገረ። በግራ ጆሯቸው። አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ።

በመንገድ ምን አለዎት አልኋቸው። እንጃ፣ አልሰማሁትም፤ ፊቱ ግን ደግ ነበር አሉ።


ኅዳር 15፣ ሰኞ። ጾም ገባ። 11 ሰዓት

ቱርቦውን ገጠምነው። እኔና አባባ።

ዘይት የሚመልሰውን ቱቦ በናፍታ ዘፍዝፌ ጥቀርሻውን በሽቦ አወጣሁ፤ በወዲያ በኩል ሰማይ እስኪታይ። አዲስ ማሸጊያ፣ አዲስ ጎማ፣ አዲስ ማሰሪያ። አራቱን ዳዶዎች በየተራ፣ በመስቀለኛ፣ ጥቂት በጥቂት አጠበቅሁ። አባባ በዓይናቸው እየተከተሉ አንዷን ረስተሻል አሉኝ። እውነትም ረስቼ ነበር።

ከመነሣቷ በፊት ንጹሕ ዘይት በቱርቦው አፍ አጠጣሁት። ደረቁን ከዞረ ይቃጠላል። ከዚያ ነዳጅ ዘግቼ ብዙ ጊዜ አዞርኋት፣ ዘይቱ እስኪደርሰው። ከዚያ ነዳጅ ከፈትሁ።

ተነሣች። ፉጨት የለም። ከሥሯ ጠብታ የለም። መጀመሪያ ትንሽ ጭስ አወጣች፣ የቆየ ዘይት ነው፣ ጠራ። ለስለስ ያለ ሽውታ ብቻ። ጋሽ ሙላት አውራ ጣታቸውን አሳዩኝ።

አባባ ያዩናል። ከፊታችን ላይ ደኅና መሆኗን አንብበዋል። ግን ሰው የሚስቅበትን ጨዋታ ያልሰማ እንግዳ ይመስላሉ።

ረጅሙን ካቻቢቴ አነሣሁ። እኛ ሞተር ውስጥ ያለ ድምፅ ስንፈልግ ጫፉን ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሯችን ላይ አድርገን እናዳምጣለን። ጫፉን ቱርቦው ላይ አቆምሁ። እጀታውን ከቀኝ ጆሯቸው ኋላ፣ አጥንቱ ላይ አስደገፍሁት።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ የካቻቢቴውን እጀታ ከእጄ ላይ ሳያስለቅቁኝ በሁለት እጃቸው ያዙት።

«አለች» አሉ። በዝግታ፣ ሞተች ተብሎ መርዶዋ የተነገረ ዘመዳቸው በር አንኳኩታ የመጣች ይመስል። «አለች። አለች እኮ።»

ጋሽ ሙላት አፍንጫቸውን ሊናፈጡ ወጡ። ጭሱ ነው አሉ። ጭስ አልነበረም።


ኅዳር 17፣ ረቡዕ። 8 ሰዓት

ከጆሮ ሐኪም መልስ። ወጣት ሴት ናት፣ ትዕግሥተኛ። ግራው የለም ማለት ይቻላል። ቀኙ በማዳመጫ መሣሪያ ሰው የሚያወራውን ይይዛል። ከባድ መኪና አይነዱም። ይህን ስትል ፊታቸውን እያየች፣ በግልጽ፣ ቀስ ብላ ነው። አላባበለቻቸውም። አመሰገኗት።

ደላሎች ወሬ ሰምተው ቤት መጥተዋል። መኪናዋን ሽጡ ይላሉ። እማዬ ተሽጣ ዕረፍት ብናገኝ ትላለች። አባባ እናያለን ብለው ሻይ አስቀዱላቸው። እኔ ማድ ቤት ገብቼ ሳህን አጠብሁ። የታጠበውን ነው መልሼ ያጠብሁት።

ለምን እንደከፋኝ ታውቂያለሽ። ለአንቺም ጽፌ አላውቅም። ያንን መሪ ሁልጊዜ እፈልገው ነበር። የሌላ ሰው መኪና ሥር ተኝቼ የአገሩን መንገድ ሁሉ ከጎማ ላይ ጭቃ ሳነብ ስድስት ዓመት። ቀይ ከሆነ ከዚህ፣ ጥቁር ከሆነ ከዚያ መጣ እያልሁ። መንጃ ፈቃዴ የቤት መኪና ብቻ ነው። ለማን ልናገር? ሰው ይስቅብኛል ብዬ ዝም አልሁ። ዝም ማለት በቤታችን በዘር ነው የሚወረስ መሰለኝ።


ኅዳር 20፣ ቅዳሜ። ምሽት

ነገርኋቸው። እራት ላይ። እማዬን አስፈቅጄ በቀኛቸው ተቀመጥሁና መኪናዋን አይሽጧት፣ እኔ ልማር አልሁ። ጮክ ብዬ። ጎረቤትም ሰምቷል።

እማዬ እጇን አገጯ ላይ አደረገች። ሴት ልጅ ብቻዋን በረሃ ለበረሃ! አባባ እኔ ምን ልሠራ ነው፣ ከጎኗ እቀመጣለሁ አሏት። አርባ ዓመት ሹፌር ሆነህ ለልጅህ ረዳት ልትሆን? አለቻቸው። ጉርሻቸውን ጎረሱና ደኅና ረዳት ከደኅና ሹፌር ይበልጣል፣ አስማረን ጠይቂው አሉ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ያን ጊዜ ልጅ ሳለሽ የተቆጣሁሽ መሪው ከብዶሽ እንዳይሰብርሽ ነው አሉኝ። መካኒክ ስትሆኚም አላስነካትም ያልሁት መኪናዋ እጅሽን እንዳትቆርጥብኝ ነው። አባት ፈሪ ነው አሉ።

ስድስት ዓመት የወጋኝ እሾህ። እንዲህ በቀላሉ ወጣ።


ኅዳር 21፣ እሑድ። ጽዮን። 10 ሰዓት

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከከተማው ወጥተን ሰባታሚት ሄድን። ከእርሻዎቹ ማዶ አንድ ገላጣ ሜዳ አለ፣ ከብትም ሰውም የሌለበት። እስከዚያ የነዳው ሸበቶው ጓደኛቸው ነው። ከዚያ ወርዶ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጠ።

ወንበሩ ላይ ወጣሁ። ከፍታው! እግሬ ከፍሪሲዮኑ መርገጫ እንዲደርስ ጠርዝ ላይ መቀመጥ ነበረብኝ። አባባ በረዳቱ ቦታ። ቀበቶዬን አዩ፣ መስታወቶቹን አስተካከሉልኝ፣ አማተቡ።

መጀመሪያ ጠፋችብኝ። ሁለተኛም። ሦስተኛ እንደ ፈረስ ዘለለች፣ የአባባ ባርኔጣ ወደቀ። አንሥተው ጭናቸው ላይ አደረጉት። አራተኛው ላይ ተንከባለለች። አንደኛ ማርሽ፣ ቀስ ብላ፣ በሣሩ ላይ።

ማርሽ መቼ እንደሚቀየር የሞተሩ ድምፅ ይነግርሻል ብለው ማሠልጠኛዎች ያስተምራሉ። ጆሮዬን ቀስሬ ስጠብቅ፣ አባባ መዳፋቸውን ፊት ለፊት ብረቱ ላይ አሳረፉ። ልክ ትኩሳት እንደሚያይ ሰው። መንገዱን እያዩ፣ ፊታቸው ተዝናንቶ።

«አሁን ቀይሪ» አሉኝ።

ገና ምንም አልሰማሁም ነበር። እሺ ብዬ ቀየርሁ። ያኔ ነው ሞተሩ የጠየቀኝ። ሁለተኛም፣ ሦስተኛም እንዲሁ። ሁልጊዜ ከጆሮዬ በፊት መዳፋቸው።

ሜዳውን አሥራ አንድ ጊዜ ዞርን።

ነገ ጠዋት ከሥራ በፊት የከባድ መኪና ማሠልጠኛ ሄጄ እመዘገባለሁ። ጋሽ ሙላትን አስፈቅጃለሁ። አባባ አብሬሽ ካልሄድሁ ብለዋል፣ ሸሚዛቸውን እማዬ እየተኮሰች ነው።